ትልቁ መሰንጠቂያ

ዛሬ ጠዋት ወፍራም ዋንዛ እየሰነጠቅሁ ሳለ ምላጩ ደንዝዞ ኖሮ እንጨቱን ማቃጠል ጀመረ። ማሽኑን አጥፍቼ፣ ጎማው ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ጠበቅሁ። የተቃጠለ ዋንዛ ሽታ ጣፈጥ ይልና ኋላ ጉሮሮ ላይ ይይዛል። በሸተተኝ ቁጥር ወደ ሃያ ሁለት ዓመቴ ይመልሰኛል፤ ሰው መጥላት ምን እንደሆነ ወዳወቅሁበት ዓመት።

ያን ጊዜ ከቴክኒክ ኮሌጅ በእንጨት ሥራ ተመርቄ፣ ማርቆስ ከተማ፣ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። አባቴ አናጢ ነበር። እናቴ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ጓሯችን ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንዲት ትንሽ መሰንጠቂያ ማሽን ነበረችን። ምላጯ እንደ ቀበቶ በሁለት ጎማ ላይ ትዞራለች። ለወንበር እግርና ለመስኮት ትበቃናለች፤ ሰፋ ያለ እንጨት ስንሰጣት ግን ታቃስትና ቀጥ ትላለች። አባቴ "ደከማት" ይል ነበር፣ ስለ በሬ እንደሚያወራ።

በዚያው ክረምት ደብረ ኤልያስ፣ በእናቴ ወላጆች ግቢ የነበረ ትልቅ ዋንዛ ነፋስ ጣለው። እናቴ ልጅ ሆና ከሥሩ ስትጫወት ያደገችበት ዛፍ ነው። አጎቶቼ ግንዱን ለአባቴ ሰጡት። አባቴም ለነፍሷ መታሰቢያ ለደብራችን የቤተ ክርስቲያን በር ሊሠራበት ተሳለ። እያንዳንዱ መዝጊያ ከሁለት ሰፋፊ ሳንቃ ብቻ እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። ማታ ማታ ከእራት በፊት በእርሳስ እየሣለ ያሳየኝ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲያወራ የሰማሁት ያን ሰሞን ነው።

ግንዱ ለእኛ ማሽን የሚሞከር አልነበረም። ወደ አዲስ አበባ መውጫ፣ ትልቅ ማሽን ወዳለው ሰው ወሰድነው። ሰውየውና አባቴ በወጣትነታቸው ከአንድ አናጢ እጅ አብረው ሙያ የተማሩ ናቸው። በኋላ እሱ ከበረ፣ አባቴ ጓሮው ውስጥ ቀረ። አባቴ ልኩን በእርሳስ ግንዱ ላይ ጻፈለት። በሦስተኛው ቀን ስንሄድ ያ ሁሉ ዋንዛ የአልጋ እግር በሚያህል ስፋት ተከታትፎ፣ ተደርድሮ ጠበቀን።

አባቴ አንዱን አንስቶ በመዳፉ ዳበሰው። በቀስታ፣ ለበር እንደሆነ ነግሬህ አልነበረም ወይ አለው። ግቢው በደንበኛ የተሞላ ነበር። ሰውየው ዙሪያውን ቃኘና፣

"ትንሽ ማሽን ላለው ሰው ትንሽ እንጨት ይበቃዋል" አለ።

ሰዉ ሳቀ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ጋሪ ላይ ጫነ፤ ቅርፊቱን ሳይቀር። ካፊያ ነበር። ከጋሪው ኋላ እየተራመድሁ አንገቱን አየዋለሁ፤ ውሃው በኮሌታው ሲገባ እንኳ አይጠርገውም። ከዚያ ሰው ማሽን የሚበልጥ ማሽን ግቢያችን ውስጥ ካላቆምሁ፣ እነዚያን የሳቁትን ደንበኞች ካልነጠቅሁት፣ የአባቴ ልጅ አይደለሁም ብዬ ማልሁ።

እልህ ስንቅ ይሆናል ወይ ብትለኝ፣ ይሆናል። አራት ዓመት በላሁት። በዚያች ትንሽ ማሽን የትምህርት ቤት ዴስክ ሠራሁ፣ የዶሮ ቤት ሠራሁ፣ የእንጀራ ሞሰብ ማስቀመጫ ሳይቀር ሠራሁ። የታጨሁበትም ጊዜ ነበር፤ ልጁ ከማሽንና ከእኔ ምረጪ ቢለኝ ሳልቆይ መረጥሁ። በመጨረሻ አዲስ አበባ፣ ከተዘጋ የእንጨት ፋብሪካ ውስጥ፣ የምፈልገውን አገኘሁ። በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። የግቢያችን በር አላስገባ ስላለው አጥሩን አፈረስን። የላይኛው ጎማው ከራሴ በላይ ነው። የሚበቃው መብራት እስኪገባ ሁለት ወር ሸራ ለብሶ ተቀመጠ። በየጠዋቱ ሸራውን ገለጥ አድርጌ የምላጩን ጥርስ እዳስሰው ነበር።

ሥራ የጀመረ ዕለት ድምፁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ከሰውየውም ጆሮ ይድረስ እያልሁ ነበር። አባቴ ከመጀመሪያው ግንድ የወጣውን ሳንቃ ፀሐይ ላይ አቁሞ ብዙ አየው።

"ጥሩ ማሽን ነው" አለ። "ግን ስትሠሪ ጥርስሽን አትንከሺ።"

ምን ለማለት እንደፈለገ ያን ጊዜ አልገባኝም።

የሰውየው ደንበኞች መጡ። እሱ ሳምንት የሚያቆየውን እኔ በማግስቱ አወጣለሁ። ቀጥሎ ዋና ሠራተኛውን አስኮበለልሁ። ምሳ ሰዓት ላይ መንገዴ ሳይሆን በደጁ በኩል እዞር ነበር፤ የሰጋቱራው ክምር ሲያንስ ለማየት ብቻ። በሦስተኛው ዓመት የእሱ ማሽን ጎማ ተሰነጠቀና ምትክ ጠፋለት። ከተማው ሁሉ አወራው። እኔም ከሚያወሩት አንዷ ነበርሁ።

አንድ ቀን አባቴ ለቅሶ ሊደርስ ይጁቤ ሄዷል። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ አራት አምስት ሰው ተራውን ይጠብቃል። ሰውየው በእግሩ፣ ትልቅ የዋንዛ ግንድ የጫነ ጋሪ አስከትሎ ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ። አባትሽ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ የለም አልሁት። ስለ ግንዱ ሊነግረኝ ሲጀምር አላስጨረስሁትም።

"ጋሼ፣ ማሽን ለሌለው ሰው እንጨትም አያስፈልገውም" አልሁት።

የቆሙት ሰዎች ሳቁ። ያን ሳቅ ሰባት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ሰውየው ባርኔጣውን መልሶ አደረገ፣ ባለጋሪውን አዙር አለው፣ ሄደ። ከኋላው እንዲሰማው ብዬ ማሽኑን አስነሣሁ። አልዋሽህም፣ ጣፈጠኝ።

አባቴ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሰ። ገና አቧራውን ሳያራግፍ ግቢውን በዓይኑ ፈለገና፣ ግንዱስ አለኝ። የምን ግንድ አልሁት። የዚያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ለካ ሁለቱ ከፋሲካ በኋላ በሽማግሌ ታርቀው ኖሯል። ያን ዓመት እንጨቱን ያበላሸው ልኩን በቅጡ ያላነበበ ሠራተኛ ነበር። ሰውየው በሰው ፊት ጥፋቱን ማመን አፍሮ ቀልድ ተናገረ፤ ቀልዱ ዓመታት ሲበላው ኖረ። ከደብረ ወርቅ አካባቢ ያንን የሚያህል ዋንዛ አፈላልጎ ገዛ። በእኔ ማሽን ሰንጥቀው፣ በሩን ሁለታቸው አብረው ሊሠሩት ተነጋግረው ነበር።

ያልሁትን ነገርሁት። አንድም ቃል አልደበቅሁም። አባቴ ሳንቃ ላይ ተቀመጠ።

"ለምን አልነገርኸኝም፣ አባባ?"

"ድንገት አይተሽ ደስ እንዲልሽ ብዬ።" ከጉልበቱ ላይ አቧራውን አራገፈና፣ "አንቺን ምን ብዬ እወቅሳለሁ። ቂሙን ያስተማርሁሽ እኔ ነኝ፤ ዝም ብዬ" አለ።

በማግስቱ ብቻውን ወደ ሰውየው ሄደ። እኔም ልምጣ ብዬ ብጠይቀው ቆይ አለኝ። ከቀትር በፊት ተመለሰ፤ ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም። ግንዱ ግን አልመጣም። እኔም ነገ እሄዳለሁ፣ ከበዓሉ በኋላ እሄዳለሁ እያልሁ ሳልሄድ ቀረሁ። የአባቴ እጅ በዚያ ዓመት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሌሎች ምእመናን የብረት በር አሠሩለት።

አባቴ በሁለተኛው ዓመት ዐረፈ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ሰውየው ከሕዝቡ መሐል መጣና ከቃሬዛው አንዱን እጀታ ያዘ። ወጣቶቹ እየተቀያየሩ ሲሸከሙ እሱ አልለቅም አለ። አቀበቱ ላይ እግሩ ሲንገዳገድ ከኋላ አየሁት።

ከቀብር በኋላ ሰው እየተሰለፈ ያጽናናኝ ነበር። ተራው ደርሶ ፊቴ ቆመ። ትከሻው ላይ ቃሬዛው ያረፈበት ቦታ ልብሱ ተጨማዷል።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ" አለኝ።

አሜን አልሁ። ሌላም የምለው ቃል ነበረኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከኋላው ግን ብዙ ሰው ይጠብቅ ስለነበር፣ እጄን ለቀቀና አለፈ።