ቁልቁል የሚቆመው መኪና

ጎረቤቶቼ "ሽጠህ ተገላገል" ይሉኛል። እኔ ግን ዛሬ የአባቴን አሮጌ ስቴሽን ዋገን ካርቡራተር ሳጥብ፣ የቤንዚኑ ሽታ የእህቴን የሠርግ ቀን አመጣልኝ።

አባቴ ባትሪውን ስለማያምነው መኪናውን ተንደርድሮ እንዲነሳለት ሁልጊዜ ቁልቁል ነበር የሚያቆመው። የዚያን ቀን ለሠርጉ ክብር ብሎ ደልዳላ ሜዳ ላይ አቆመው፤ ሙሽሪት ከገባች በኋላ አልነሳ አለ።

ጎረቤታችን ባለጋሪው "ጋሼ፣ የእኔ ፈረስ ሳይገፋ ይነሳል፤ ልውሰድልዎ?" አለ።

"ልጄ በጋሪ አትዳርም!" አለ አባቴ።

እህቴ ቬሎዋን ሰብስባ ወረደችና አብራን ገፋች። ሞተሩ ሲነሳ እልልታው ቀለጠ፤ አባቴም ሙሽሪትን ትቶ ነጎደ።

"ካቆምኩት ይጠፋል! ተከተሉኝ!"

እህቴ እየሳቀች በጋሪ ተከተለችው። በኢተያ መንገድ ቁልቁለቱ ላይ አቁሞ፣ በሩን ከፍቶ ጠበቃት።

ዛሬም ድረስ "ልጄን በመኪና ዳርኳት" ይላል። መኪናውም ደጄ ላይ ቁልቁል እንደቆመ ነው።