አባባ የገዛ አጥሩን የጣሰ ዕለት

ይህ የሆነው ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ እኔ ነቀምቴ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በነበርኩበት ዓመት ነው። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቼ እንኳ፣ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ያስቀኛል።

ማዘጋጃ ቤቱ የዋናውን መንገድ ዳር ለእግረኛና ለቢስክሌት ሊለይ ተነሣ። ደጁ መንገዱ ላይ ያለ ሁሉ አጥሩን ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲያስገባ ተለመነ። ጎረቤቶቻችን አስገቡ። አባባ ግን ከሸዋ ይዞት የመጣው ግትርነት መቼ በዋዛ ይለቀውና! «ሞቼ እገኛለሁ!» ብሎ ጭራሽ በአጥሩ ላይ እሾህ ጨመረበት።

እናም አዲሱ መንገድ እኛ አጥር ጋ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። ሰው ሁሉ ወደ መኪናው መንገድ ይወጣል። እኔና ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ስንሄድ ቡና የጫነ ካሚዮን ልብሳችንን ሊነካ ምንም አይቀረው። እማዬ እስክንመለስ ድረስ ምግብ አይበላላትም። ቢቸግራት ጎረቤታችንን ኦቦ ዲንሳን ለሽምግልና ላከችበት።

«አቶ ኃይሌ፣ የሚያልፉት እኮ የእርስዎም ልጆች ናቸው» አሉት።

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

አባባ ቢስክሌት ነበረው። አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ በአዲሱ መንገድ ቁልቁለቱን እየከነፈ ሲመጣ ከደጅ ሆኜ አየሁት። ፍሬኑ እምቢ ብሎታል። መኪናው መንገድ ላይ ደግሞ ካሚዮን እያጓራ ይመጣል። ከፊቱ የገዛ አጥሩ ቆሟል። «አባባ!» ብዬ ጮህኩ። አለቀለት አልኩ። እሱ ግን አጥሩን ጥሶ ገባና የእማዬ ጎመን ላይ ተዘረረ።

እማዬ ደረቷን እየደቃች ደረሰች። በሕይወት እንዳለ ስታይ አለቀሰች። ከዚያ እሾኹን ከጀርባው በመርፌ እያወጣች፣ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» አለችው።

ወጌሻ እግሩን አሰረለትና አባባ በረንዳ ላይ ተጋደመ። የነቀምቴ ሰው መቼ በሽተኛ ሳይጠይቅ ይውላል! ከሲሬ ድረስ የመጣ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ ጠያቂው ሁሉ ለአቋራጭ ሲል በተጣሰው አጥር ይገባል፣ በዚያው ይወጣል። ኦቦ ዲንሳም በማግስቱ በዚያው ገቡ።

«አካም ቡልተኒ፣ አቶ ኃይሌ? እንኳን እግዜር አተረፈዎት!»

ስለ አጥሩ ትንፍሽ አላሉም። አባባ እኔን ሲያይ ቆየ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ኦቦ ዲንሳ፣ እኔስ ጎመን ላይ ወደቅኩ። እነዚህ ልጆች ቢሆኑ የሚወድቁት ካሚዮን ሥር ነበር። በአጥሬ ልፈጃቸው ነበርኮ! በሉ፣ ዛሬውኑ ይነሣ።»

ጠያቂው ሁሉ ነጠላውን አደግድጎ አጥሩን ይነቅል ጀመር። አባባ ከተጋደመበት ሆኖ «ቀስ በሉ፣ ይወጋችኋል!» እያለ ይጮኻል። ሳቁ ሌላ!

ቤቱ አሁን የሌላ ሰው ነው። ነቀምቴ ስሄድ ተማሪዎች እየተሳሳቁ በዚያ ሲያልፉ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። አባቴ ግትር ነበር፤ ሲመለስ ግን ከነልቡ ነው የሚመለሰው። እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።