ገመዱ እስኪደርስ

በ1967 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመቴ ነበር፤ ልጄ ሦስት ሞልቷት አራተኛውን ይዛለች። የላይኛው ከንፈሯ እስከ አፍንጫዋ የተሰነጠቀ ነው፤ ላንቃዋም ክፍት ነው። ዛሬ ይህን የሰማ ሁሉ፣ «ሳታሳክሟት እስከዚያ ድረስ ምን ስትጠብቁ ነበር?» ይለኛል። ፊደል የቆጠርኩት በጥቂቱ ነው፤ ቢሆንም ልጻፈውና ጠያቂው ይረፍ።

ስትወለድ አማቴ አዩዋትና፣ «ፀሐይ በጨለመች ቀን እናቷ እርጉዝ ሆና ደጅ ወጥታ ነው። ስታድግ ይገጥማል፤ እስከዚያ የሰው ዓይን አይያት» አሉ። ሚስቴም የእናቷን ቃል ይዛ ልጅቱን ጓዳ አኖረቻት። ጡት መሳብ አልቻለችም። ባዘቶ ወተት ውስጥ እየነከርን ጉሮሮዋ ላይ ጠብ እናደርግላታለን፤ ግማሹ በአፍንጫዋ ይመለሳል።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ያለችን አንዲት ላም ሞተች። ሚስቴን ለምኜ፣ የልጅቱን ፊት ሸፍኜ፣ መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ ክንዷን ጨብጦ አየና፣ «ደሴ ይሰፉላታል፤ በዚህ ሰውነቷ ግን አይነኳትም። መጀመሪያ ትብላና ሥጋ ታብጅ» አለኝ።

«ከንፈሯ ካልተሰፋ በምን ትብላ?»

«እሱን እኔስ ምን ላድርገው፣ ወንድሜ?»

እሱም እውነቱን ነው፤ እኔም እውነቴን ነው። ይዣት ተመለስኩ።

ዝናቡ ሲመለስ እህል አገኘን፤ አጥሚት እያጠጣናት ጉንጯ ሞላ። ወደ ደሴ ልነሣ ስል መሬት ላራሹ ታወጀ። እኔ ጭሰኛ ነኝ፤ አባቴም ጭሰኛ ሆኖ ነው የሞተው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጎረቤቴ ነው። «መሬቱ በገመድ ይለካል፤ በቤተሰብ ብዛት ይሰጣል» አለን። «ድንበሩ ላይ ያልቆመ አባወራ መሬት የለውም። ልጆቻችሁንም አምጡ፤ ያላየሁትን ነፍስ አልቆጥርም።»

«ልጄን መሐል ሜዳ አላወጣም» አለች ሚስቴ። ሌላ ልጅ የለንም።

የቆጠራው ቀን እኔው አዝዬ አወጣኋት። ነጠላውን ስገልጥ ሰዉ ለማየት ተጋፋ። ከኋላ አንዱ፣ «ይሄ ሰውዬ ልጅ ተውሶ መጣ» አለ።

ሊቀመንበሩ ቀርቦ አያት። «ወላሂ፣ አጥር ለአጥር ኖረን ይህችን ልጅ አይቼ አላውቅም። ከየት አመጣሃት?»

«ከጓዳዬ።»

«ጓዳህ መሬት ሲታደል ነው እንዴ የሚወልደው?»

ሜዳው በሳቅ ሞላ። ዝቅ ብሎ፣ «አባትሽ ማነው?» ብሎ ጠየቃት። መለሰችለት፤ ድምጿ ግን በአፍንጫዋ ስለሚወጣ ከእኔ በቀር የገባው የለም። «ያንተን ስም አላለችም» አለ።

ሚስቴ ቤት የቀረች መስሎኝ ነበር። ሰዉን ጥሳ መጣች። ልጅቱን ከጀርባዬ አውርዳ ፊቷን ወደ ሰዉ አዞረችና፣ «የኔ ናት። የደበቅኋት እኔ ነኝ። እንግዲህ እስክትጠግቡ እዩዋት» አለች።

የሳቀ የለም። ሊቀመንበሩ አቀረቀረ። «ሦስት ነፍስ» አለ። «አብሽሪ፣ እቴ። ገመዱ ግን እናንተ ዘንድ እስኪደርስ ይሰነብታል፤ አባወራው ከድንበሩ እንዳይጠፋ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ያ «ይሰነብታል» ያለው ነገር ጭንቅላቴን ያዘው። ከሰነበተ ክረምት ይገባል፤ ክረምት ከገባ ወንዙ ይሞላል፤ ደሴ መሄድ የለም። ከክረምት በኋላ ደግሞ እህል መኖሩን ማን ያውቃል? ዳግም ብትከሳ ድሬሰሩ ያንኑ ነው የሚለኝ። ብሄድ ደግሞ አባቴ ሲመኘው የሞተው መሬት ያመልጠኛል። እንደ ተቸከለ በሬ እዚያው በዚያው ዞርኩ።

«ዱላህን ስጠኝ» አለች ሚስቴ።

«ምን ልታደርጊበት?»

«ድንበሩ ላይ እቆማለሁ። አባወራው የታለ ሲሉኝ ዱላውን አሳያቸዋለሁ።»

«ሴት አይቀበሉም።»

«ዛሬ ልጄንም አንቀበልም ብለው ነበር።»

ነገሩን አልወደድኩትም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ዱላዬን ለሚስቴ ሰጠሁ። በሶ ቋጥሬ፣ ልጅቱን እሽኮኮ ብዬ የደሴን መንገድ ያዝኩ። ያለ ዱላ ሩቅ ሄጄ አላውቅም። እጄን የማደርግበት ሳጣ ሁለቱን እግሮቿን ያዝኩ።