በቫዮል ኮንሰርት ላይ የጮህኩ ለት

በዚያን ጊዜ ሲታክ፣ ሲያትል ኤርፖርት ማለት ነው፣ ታክሲ ከሚነዱት ሁሉ እንደኔ ከተማውን የሚያውቅ አልነበረም። ይሄን የምለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ግን ውሸት አይደለም። ከትምህርት ጋር እንኳን ሰባተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያይተናል። ጆሮ ግን አለኝ። አጎቴ ማሲንቆ መቺ ነበር፤ አፍ ሳልፈታ ቅኝት የለየሁ ሰው ነኝ።

የምኖረው ባላቸው የሞተባቸው አንዲት አሜሪካዊት ሴትዮ ቤዝመንት ነበር። እማማ ነው የምላቸው። ብርድ ሲሆን ደረጃውን ወርደው ሾርባ ይሰጡኛል፤ እኔም መኪናቸውን ፓርክ አደርግላቸዋለሁ፣ ምክንያቱም እሳቸው ፓርክ ሲያደርጉ ጎረቤት ሁሉ መጋረጃ ገልጦ ያያል።

እማማ ቫዮል ይጫወታሉ። ቫዮል የድሮ የነገሥታት ዘመን የፈረንጅ መሣሪያ ነው፤ እንደ ማሲንቆ ጉልበት መሀል ይያዝና በደጋን ይመታል። የኛ አንድ ጅማት ነው ያለው፣ የነሱ ስድስት። የማሲንቆ ሀብታም ዘመድ በሉት።

ድሮ ከባላቸው ጋር ነበር ሁለት ሆነው የሚጫወቱት። እሱ ከሞተ በኋላ አንዴ ሰው ፊት ቢወጡ፣ መሀል ላይ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ቆመባቸው፤ ጥለው ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ሳሎናቸው ውስጥ ብቻ። በስንት ልመና አንድ ጡረታ የወጣ የቤልቪው ከተማ ጥርስ ሐኪም፣ እሱም ቫዮል ተጫዋች፣ አብረን እንጫወት ብሎ እሺ አሰኛቸው። ጥርስ ሲነቅል የኖረ ሰው እሺታ መንቀል አያቅተውም።

ቀኑ እሁድ ከሰዓት ነበር። ቫዮሉን ከኋላ ወንበር በቀበቶ አሰርኩት፣ እማማ ከፊት። መንገድ ላይ፣

"ዛሬም እጄ ከቆመ እሸጠዋለሁ" አሉ። ቀልድ አልነበረም።

"ኖ ፕሮብሌም፣ እኔ አለሁ አይደል?"

"አንተ ምን ታደርጋለህ?"

"አዳምጣለኋ! እንደኔ የሚያዳምጥ ሲያትል ውስጥ የለም።"

አልሳቁም።

ኮንሰርቱ ትንሽ ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው። ሙሽራ ያስንቅ የነበረውን ሱፌን ለብሼ ፊት ወንበር ላይ ተሰየምኩ። ሰዉ ፎቶ እንደሚነሳ ቀጥ ብሏል፤ ሳል የመጣበት እንኳን ይውጠዋል። እኛ ጋ እኮ ተጫዋች ፊት ዝም ካልክ ጠላኸኝ ነው የሚልህ። ግጥም ትሰጠዋለህ፣ እሰይ ትለዋለህ፣ ቢያንስ ትከሻህን ትነቀንቃለህ። ያን ቀን ግን እንደምንም አፌን ያዝኩ።

የመጀመሪያ ሁለቱን ዜማ አሳምረው ተጫወቱ። አንዱ ቫዮል ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ሲያረጁ የሚዋደዱ ባልና ሚስት ነው የሚመስሉት። ሦስተኛው ቀስ ያለ ነበር። እዚያ ላይ የእማማ ደጋን ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አንዴ ፋቀ፣ ሁለቴ ፋቀ፣ ቆመ። ዶክተሩም ቆመ። እማማ የጎኑን በር አዩ፤ ቫዮሉን አንገቱን ይዘው ለመነሳት ጎንበስ አሉ።

እኔ ቀድሜ ተነሳሁ። በአማርኛ፣ በሙሉ ድምፄ፣

"እሰይ እማማ! እጅዎን ቁርጥማት አይንካው!"

ያ ሁሉ ሽበት ወደኔ ዞረ። ዶክተሩ በርበሬ መሰለ። አንዷ አሮጊት ቦርሳዋን እቅፍ አደረገች። እማማ ግን ተመልሰው ተቀመጡና፣

"ምን አልክ?" አሉኝ ከዚያው ከመድረኩ።

በዚያች በምትንገዳገድ እንግሊዝኛዬ ተረጎምኩ፤ "እጅዎን ቁርጥማት እንዳይነካው ነው ያልኩት።"

"ዘገየህ" አሉ፣ "ከነካኝ ስድስት ዓመቱ ነው።"

ቤተክርስቲያኑ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳሉን ሲውጥ የነበረ ሁሉ በአንድ ላይ ሳለ። እማማም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁት። ደጋናቸውን አነሱና ለዶክተሩ "ከመጀመሪያው" አሉት።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። እጃቸው መንቀጥቀጡን አልተወም፣ ግን አልቆመም። የኔም አይን ትንሽ… ኦኬ፣ አቧራ ነበር።

ስንወጣ ዶክተሩ በር ላይ ያዘኝ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። "የኔንስ እጅ?" አለኝ ቆጣ ብሎ። እሱንም መረቅኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ እማማ ወደ ኋላ ዞረው ቫዮሉን አዩና፣

"ቀጭኑ ጅማት ሊበጠስ ነው። ነገ ጠዋት ሱቅ ወስደህ አዲስ ታስገዛኛለህ" አሉ።

የሚሸጥ ሰው ጅማት አይቀይርም። ኤርፖርቱ በሙሉ ተሳፋሪ ቢሆን ትቼ እማማን እወስድ ነበር። ግን ኩራት አለኝ፣

"ጊዜ ካለኝ አያለሁ" አልኳቸው።