ማንም እንዳይጠጋ

ባለፈው ሳምንት ጀሞ ታክሲ ስጠብቅ፣ በሚሠራው መንገድ ላይ አንድ ወጣት ቢጫ መሣሪያ አስቀምጦ አፈሩን ሲለካ አየሁ። ሰው በአጠገቡ ይተላለፋል፤ ዞር ብሎ የሚያየው እንኳ የለም። እኔ ግን ታላቅ ወንድሜን ግርማን አስታውሼ ቆሜ ቀረሁ፤ ታክሲውም ጥሎኝ ሄደ።

በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ከጎፋ ወዲያ እርሻ ነበር። ጥቅምት ሲጠባ፣ ክረምቱ ያቦካው መንገድ ደርቆ ሥራ ሲጀመር፣ ገበሬዎቹ የባቄላ እሸት ተሸክመው በደጃችን ያልፋሉ። ግርማ መንገድ ሥራ ተቀጥሮ፣ አፈሩ በደንብ መጠቅጠቁን እንዲህ ባለው መሣሪያ ይለካ ነበር። መሬት ውስጥ የሚገባው ዘንጉ ጫፍ ላይ ጨረር የሚያወጣ ነገር አለው። በዚያው ዓመት ለሰፈራችን ልጅ ለአስቴር ሽማግሌ ልኮ፣ ተፈቅዶለት፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር።

እኔ ያኔ ነፋስ ስልክ ፋብሪካ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ወደ ሥራ ስሄድ ምሳውን ይዤለት ጎራ አልኩ። ስደርስ አፈር የሚጠቀጥቀው ዳምጠው መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ መሣሪያውን ጨፍልቆት፣ ዘንጉ ተጣሞ ወጥቷል። ሠራተኛው ሊያይ ሲጎርፍ ግርማ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከፊታቸው ቆመ።

«ማንም እንዳይጠጋ። ጨረር አለው።»

እኔንም ከሩቅ መለሰኝ። ምሳውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬለት ሄድኩ። ዙሪያውን በገመድ ከልሎ፣ ባለሙያ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ዋለ። ባለሙያው መሣሪያውንም፣ አፈሩንም፣ እሱንም ለካ። ጨረሩን የያዘው ብረት አልተሰነጠቀም፤ የተጎዳም ሰው የለም አለ።

ወሬው ግን ቀድሞት ሰፈር ገብቷል። ግርማ ጨረር መታው ተባለ። እንዳይጠጉ የከለከላቸው ሰዎች እሱን ራሱን መሸሽ ጀመሩ፤ ጠጅ ቤት ሲገባ አግዳሚው ይለቀቅለታል። በመጨረሻ የአስቴር አባት አስጠሩት። ባለሙያው ያለውን ቢያስረዳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙትና፣

«ልጄ፣ ክፉ ሰው አይደለህም። እኔ ግን የልጅ ልጅ ማየት እፈልጋለሁ» አሉት።

ቤት ሲመጣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠ። «ያን ቀን መሣሪያው ምንም የለውም ብያቸው ቢሆን ኖሮ በጥር አገባ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አላልክም?»

«ያን ጊዜ ጨረሩ መውጣት አለመውጣቱን አላውቅማ።»

አስቴርን ለሌላ ዳሯት። ግርማ የክፍለ ሀገር መንገድ ሥራ ጠይቆ ሄደ፤ ለበዓል ብቻ ብቅ ይል ነበር። ሳያገባ፣ አንድ ቀን እንኳ በጨረር ሳይታመም፣ አምና በእንቅልፉ አረፈ።

ለቅሶው ላይ አንዲት ጠጉሯ የሸበተ ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አስቴር ነበረች። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «የፈሩት አባቴ ናቸው። እኔ አልፈራሁም ነበር» አለችኝ።

ለእሱ ነግራው እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነቷን ነው። የአባቷን ቃል እንጂ የእሷን የሰማ አልነበረም። ወንድሜ እሷም እንደ ሌላው ሰው ሸሽታኝ ነው ብሎ እያመነ ሞተ፤ ከሞቱ ይልቅ ይሄ ያንገበግበኛል።

አሁን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አብረን እንቀመጣለን። ምን ይወድ እንደነበር፣ ሲያረጅ ምን እንደመሰለ ትጠይቀኛለች። እኔም የማውቀውን እነግራታለሁ። ሚስቱ ብትሆን ኖሮ እሷ ነበረች ለእኔ የምትነግረኝ።