የለሳኙ ግድግዳ

ለሳኙ አርባ ዓመት የሰው ግድግዳ ሲለስን ሲኖር የራሱ ቤት ተሰነጣጥቆ ነበር። ባለፈው ክረምት ሚስቱ በሳንባ በሽታ ስትሞትበት ሐኪሙ "ያ እርጥብ ቤት ለእርስዎም አይሆንም" ብሎት ነበር። ስለዚህ ሰፈሩ ሊታደስ ነው፣ ቤታቸው ያረጀባቸው ሰዎች ወደ አዲሱ ሕንፃ ይገባሉ ሲባል ተስፋ አደረገ። የቤቶቹን እርጅና የሚያዩት መርማሪዎች ከመምጣታቸው በፊት ግን ሲሚንቶ አቡክቶ ስንጥቁን ሁሉ ደፈነ። መርማሪው ግድግዳውን አንኳኳና "ይህ ደህና ነው፣ አይነሳም" ብሎ ጻፈ።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች።

"ጋሼ፣ ምን ነካዎት? እኔ እንኳ ያለውን ስንጥቅ በቢላ አስፍቼ ነው የጠበቅኳቸው።"

"ሰው ሊመጣ ነው ሲባል ጊዜ፣ የለሳኝ ቤት እንዲያ ሆኖ ይታይ?"

"እንግዲያው ልስኑን ያርግፉትና ተመልሰው እንዲያዩት ይለምኑ።"

"ለምኜ ነበር። መዝገቡ ተዘግቷል አሉኝ።"

በወሩ ሌላው የሰፈሩ ሰው ወደ አዲሱ ሕንፃ ተነሳ። የልብስ ሰፊዋን የስፌት መኪና ተሸክሞ ጭነት መኪናው ላይ ያወጣላት ለሳኙ ነው።

"እየመጣሁ አይዎታለሁ" አለችው።

"ነይ" አላት፤ እንደማትመጣ ሁለቱም ያውቁታል።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ግራና ቀኙ በራቸው የተነቀለ ቤቶች ነበሩ፤ እንደምን ዋልክ የሚለው ሰው አላገኘም።