ግድግዳ ላይ የተለጠፈው እንግሊዝኛ

ባለፈው ክረምት ኮልፌ ውስጥ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ሲያፈርሱ በዚያ በኩል ሳልፍ፣ የራሰ ጭድና የኮመጠጠ የዱቄት ሙጫ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የልጅ ልጄ «እማማ፣ ደከመሽ እንዴ?» አለችኝ። ምን ይደክመኛል! ጋሽ ወርቁ ትዝ ብለውኝ ነው።

ጋሽ ወርቁ ጎረቤታችን ነበሩ። ጥሊያን ከመግባቱ በፊት እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ከገባ በኋላ የተማረ ሰው እንደ አውሬ ሲታደን፣ አንድ የስፌት መኪና ይዘው ኮልፌ ባሕር ዛፉ መሀል ገቡና «ልብስ ሰፊ ነኝ» አሉ። የጥሊያን ሹማምንት ሱሪ ሊያስጠብቡ ይመጡ ነበር። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ይቀበሏቸዋል፤ ጎንበስ ብለው ይሸኟቸዋል። እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። አባቴ ዱር ነበር፣ ከአርበኞች ጋር። ይህን ከእሷና ከእኔ በቀር ሰፈሩ አያውቅም ብለን ነበር የምንኖረው።

እናቴን ይበልጥ ያስበረገጋት ግን ግድግዳቸው ነው። ያኔ ወረቀት ያገኘ ሁሉ አፈር እንዳይረግፍበት ቤቱን በጋዜጣ ይለጥፋል። የእሳቸው ቤት የተለጠፈው በፈረንጅ መጽሐፍ ቅጠል ነበር፤ በየቅጠሉም ላይ በቀይ እርሳስ የተሰመረባቸው ቃላት አሉ። እናቴ ቀሚስ ልታስጠግን ገብታ አየችው። ፊደል አልቆጠረችም።

«የሰው ስም ነው!» አለችኝ ደረቷን ይዛ። «ቀይ የተሰመረበት ሊገደል የታሰበው ነው። ያባትሽም ስም እዚያ አለ። ይሄ ሰውዬ ባንዳ ነው፣ ባንዳ!»

እኔ ዳዊት ደግሜ ነበርና «ፈረንጅኛ አስተምሩኝ በይው፤ ያባትሽን ስም ፈልጊ» ብላ ላከችኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ሰላይ! ጉድ እኮ ነው።

መጽሐፉ መዝገበ ቃላት ሆኖ ተገኘ። የእንግሊዝ መጽሐፍ የተገኘበት ሰው ስለሚታሰር፣ ጋሽ ወርቁ ቀደው ለጠፉት፤ ሱሪ የሚለካ ሹም ግድግዳ አያነብም። ክፋቱ፣ ቅጠል ሲለጠፍ አንዱ ፊቱ ለጭቃው ይሰጣል። እሳቸው «ሰብሚት» የምትባል ግስ ያለችበትን ፊት መርጠው አስቀሩ፤ በየቅጠሉ በቀይ ያሰመሩባትም እሷን ነው። ኮስታራ፣ የደብዳቤ ቃል ናት፤ በሰው አፍ እምብዛም አትገባም፤ ሌላ ቃል ሊፈታ ሲል ግን ትጠራለች። «ዪልድ» ሲፈታ እሷ፣ «ኦቤይ» ሲፈታ እሷ፣ «ባው» ሲፈታም እሷው።

«እንግሊዞቹ ለሁሉም አንዷን ይልኳታል» አሉኝ። «እኛ ዘንድ ግን እጅ መስጠት ሌላ፣ መታዘዝ ሌላ፣ እጅ መንሳት ሌላ ነው። ቀዩን ብቻ አትዪ ልጄ፤ ከፊቱ የቆመውን ቃል እዪ።»

ወደድኳቸው። ለእናቴ ስም እንደሌለ ነገርኳት። «አስጠንቶሽ ነው» አለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ አልረጋም ነበር፤ የዚያን ዘመን ሰው ጥላውንም ያማ ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች የተቀደደ ኮት ይዘው ጋሽ ወርቁ ቤት መጡ። እናቴ ለአርበኞቹ ልካ ያስጠራቻቸው ናቸው። አንደኛው ጋሽ ወርቁን ወደ ጓሮ ወሰዳቸው፤ ኮቱን የያዘው ሸምገል ያለው ደግሞ እኔን ወደ ውስጥ አስገባኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ሰውየው በከዘራው ጫፍ ከጣራው ሥር ያለ ቅጠል ነካ።

«ይህ የማን ስም ነው? እሱንም እንጠይቀዋለን። ቃላችሁ ከተለያየ አለቀለት።»

አንዴ ብቻ ያነበብነው ቅጠል ነበር። ቀዩን አየሁና «እጅ መስጠት» ልል አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ከፊቱ የቆመውን ቃል አየሁ። «ስም አይደለም» አልኩ፤ «መታዘዝ ማለት ነው።»

ጋሽ ወርቁን አስገቧቸውና ያንኑ አሳዩዋቸው። ዓይናቸው ደካማ ስለነበር በርጩማ ላይ ወጥተው ተጠጉ። ቆዩ። በስመ አብ፣ እንዴት ቆዩ!

«መታዘዝ» አሉ።

ሰውየው ኮቱን አቀበላቸው። «ይስፉልኝ፣ አባቴ» ብሎ ጓደኛውን አስከትሎ ወጣ። እናቴ «ተማክረው ቢሆንስ?» ስትል ሰማኋት።

ጋሽ ወርቁ እናቴን አዩ፤ ከዚያ እኔን። «ልጄ፣ መጀመሪያ የመጣሽው ልትማሪ ነው ወይስ ተልከሽ?»

«ልማር ነው» አልኩ።

«ጎሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ቤቱ ባዶ ነበር። ኮቱ ተሰፍቶ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ወዴት እንደሄዱ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ንጹሕ ሰው አይሸሽም» እንዳለች ኖረች። እኔ ግን በዚያ እንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ ልጆቼን አሳደግሁ፤ ትተውልኝ የሄዱት እሱን ነው። ያ «ጎሽ» ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጋሼ፣ ተልኬ ነው የመጣሁት። ከሦስተኛው የትምህርት ቀን ወዲህ ግን ማንም አልላከኝም።